የሽመክት ልጅና አሥራ አንዱ ጄኔሬተሮች

ጁባ መብራቷን ከሩቅ አታስመጣም። እያንዳንዱ ግቢ ከጓሮው፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ በናፍጣ የራሱን ብርሃን ይሠራል። የከተማዋ ዜማም እሱ ነው፤ አንዱ ሞተር ያጉረመርማል፣ አንዱ ያንጎራጉራል፣ አንዱ አስም እንደያዘው ሽማግሌ ሲስል ይውላል። ለብዙ ሰው ይኼ ጫጫታ ነው። ለሽመክት ግን የዘመድ ድምፅ ነበር። ጠዋት ኮር ዊሊያም ሰፈር ካለችው የቆርቆሮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ይቆምና ጆሮውን ለነፋሱ ሰጥቶ፣ «ዛሬ የረፊቅ ሱቋ ልጅት ጉንፋን ይዟታል» ይላል። ሄዶ ሞተሯን ሲያያት እውነትም ይዟታል።

ሽመክት ከደብረ ብርሃን ወጥቶ ጁባ የገባው የሰላሙ ስምምነት በተፈረመ በዓመቱ፣ በፈረንጆቹ 2006 ነው። ይዞት የመጣው አንድ የመሣሪያ ሳጥንና አንድ ጥሩ ድምፅ ነበር። ሚስቱን ሒሩትንና ልጁን አገር ቤት ትቶ፣ ጄኔሬተር እየጠገነ ሦስት ዓመት ኖረ። በሦስተኛው ዓመት በእጁ ሥር አሥራ አንድ ጄኔሬተሮች ነበሩት፤ የሆቴል፣ የሱቅ፣ የፀጉር ቤት፣ የአንድ ክሊኒክ። ውል የሚባል ነገር የለም፤ እጅ ተጨባብጠው ነው። በየወሩ ያያቸዋል፣ በየወሩ ይከፈለዋል።

ደብተር አልነበረውም። «እጄ ዘይት ነው፤ ወረቀት አይወደኝም» ይል ነበር። በደብተር ፈንታ ይገጥማል። ለእያንዳንዷ ሞተር ስም አውጥቶ፣ ጠባይዋንና ሕመሟን፣ የትኛው ብሎን ጥርሱ እንዳለቀ፣ የትኛዋ በስንተኛው ሙከራ እንደምትነሣ፣ ሁሉንም በስንኝ ያስረዋል። ከዚያ ቁልፉን እያዞረ በትዝታ ዜማ ያንጎራጉረዋል። ባለሱቆቹ፣ «ሽመክት ካልዘፈነ አይሠራም» እያሉ ይስቁበት ነበር። እውነታቸውን ነው። ዘፈኑ ደብተሩ ነበር።

ልጁ አምለሰት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ በ2008 ወደ አባቷ መጣች። ሁለት ወር ብላ የመጣችው ልጅ ዓመት ቆየች። መጀመሪያ ባትሪ ታበራለት ነበር፣ ቀጥሎ ፊልትሮ ታጥብ ጀመር፣ ቀጥሎ ቁልፍ ጨበጠች። አባቷ የሚያስተምራት በዘፈን ስለሆነ የምትማረውም በዘፈን ነው።

ጥቁር ጭስ ከተፋች አፍንጫዋን ጥረጊ፣
ነጭ ጭስ ከተፋች ውሃውን ፈልጊ።

በሚቀጥለው ዓመት ካምፓላ ከሚገኝ አንድ የቴክኒክ ኮሌጅ ደብዳቤ መጣላት። የሁለት ዓመት የኤሌክትሪክ ዲፕሎማ። የመጀመሪያው ክፍያ እስከ ኦገስት አሥራ አራት ካልገባ ቦታው ለሌላ ይሰጣል ይላል። ሽመክት ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አስነበባትና ከአልጋው ሥር የወተት ዱቄት ጣሳ ጎትቶ አወጣ። ክዳኑን ከፍቶ አሳያት። አሥራ ሁለት መቶ ዶላር፣ ተጠቅልሎ፣ ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት።

«መቼ አጠራቀምከው አባዬ?»

«አንቺ ተኝተሽ ስታንኮራፊ» አላት።

ጁን ላይ ወባ ያዘው። ሽመክት በወባ የሚቀልድ ሰው ነበር፤ በዓመት ሁለቴ ትጠይቀኛለች፣ አማቼ ናት ይል ነበር። የዚያን ጊዜው ግን ራሱ ላይ ወጣ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ አረፈ።

እናቷ በስልክ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችው። «እዚያ አፈር አታልብሱብኝ። አምጡልኝ።»

የጁባ ሐበሻ ተሰበሰበ። የእድሩ ሊቀመንበር ሐጎስ ነው፤ ንያኩሮን አካባቢ ሆቴል ያለው፣ ድምፁ ወፍራም፣ ልቡ ግን ስስ የሆነ ሰው። መዋጮ ተዋጣ፤ ሣጥን ተገዛ፤ የአውሮፕላኑ ዋጋ ሲነገር ግን ገንዘቡ ጎደለ። ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። አምለሰት ተነሥታ ወደ ቤት ገባችና የወተት ጣሳውን ይዛ መጣች።

«ይኼ የምን ገንዘብ ነው ልጄ?» አላት ሐጎስ።

«የአባዬ ነው ጋሽ ሐጎስ» አለች።

ውሸት አልነበረም። ሌላ የጠየቃት የለም። እውነቱን የምታውቀው ጎረቤቷ አባይነሽ ብቻ ነበረች፤ እሷም በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ዝም አለች። ለሬሳው እንጂ ለአምለሰት የሚሆን ቲኬት አልነበረም። አውሮፕላኑ ተነሥቶ ነጭ ዓባይን ተሻግሮ እስኪሰወር ድረስ ከሽቦው አጥር ውጭ ቆማ አየችው። ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እናቷ ማዶ፣ አባቷ ሰማይ ላይ፣ ጣሳው ባዶ።

አባይነሽ ኮር ዊሊያም ውስጥ ምግብ እያበሰለች የምትሸጥ፣ ስልሳውን የተሻገረች ሴት ናት። ጁባ ውስጥ የሚሞት ሐበሻ ሁሉ በእሷ አፍ ያልፋል። ለቅሶ ቤት ገብታ ድምፅዋን ስታወጣ፣ ከመንገድ የሚያልፈው ባለ ሞተር ብስክሌት እንኳ ጋዙን ይቀንሳል። ለሽመክት ያወጣችው ይኼን ነበር፦

ለሰው ቤት ሲለኩስ ሲያበራ የኖረው፣
ምነው ለልጁ ቤት ጨለማን አኖረው።

ድንኳኑ በሦስተኛው ቀን ተነሣ። አምለሰት ጥቁር ለብሳ፣ ፀጉሯን በሻሽ አስራ ፍራሽ ላይ ተቀመጠች። አርባው እስኪወጣ እንዲህ ነው የሚባለው፤ አያጌጡም፣ አይስቁም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አይዘፍኑም። የአባቷ ስልክ ግን ኪሷ ውስጥ ይጮሃል። «ነፍስ ይማር» ይሉና ቀጥለው፣ «ለመሆኑ የኛን ጄኔሬተር አሁን ማን ያያታል?» ይላሉ። አምለሰት ቆጠረች። አርባው የሚወጣው ጁላይ ሠላሳ ነው። ከዚያ እስከ ኦገስት አሥራ አራት ያለው ሁለት ሳምንት አሥራ ሁለት መቶ ዶላር አይወልድም። አሥራ አንዱን ከያዘቻቸው ግን ትደርሳለች። አርባውን ቁጭ ብላ ከጠበቀች ደግሞ አሥራ አንዱም ሌላ ሰው እጅ ይገባሉ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን የመሣሪያ ሳጥኑን ተሸክማ ወጣች።

የመጀመሪያዋ የረፊቅ ሱቅ ጄኔሬተር ናት። ረፊቅ አምለሰትን በጥቁር ልብስ ሲያያት ደንግጦ፣ «ምነው አንቺ፣ ገና ሐዘን ላይ አይደለሽም እንዴ?» አላት። «ዘይቷ ጊዜው ደርሷል» ብላው ወደ ጓሮ ገባች። ጎንበስ ስትል እጇ ባዶ ሆነባት፤ ከየት እንደሚጀመር ጠፋት። ያን ጊዜ፣ ሳታስበው፣ የአባቷ ዜማ ከጉሮሮዋ ወጣ። ቀስ ብላ፣ ለራሷ ያህል። ዜማው እየመራት እጇ የሚገባበትን አወቀ። ሞተሯ ስትነሣ እንደ ድሮዋ ለስልሳ ነው የተነሣችው።

ከአጥሩ ወዲያ ግን ሁለት ሴቶች ቆመው ነበር።

እስከ ማግስቱ ወሬው ጁባን ዞረ። የሽመክት ልጅ የአባቷ አፈር ሳይደርቅ ትዘፍናለች። በትዝታ። በጥቁር ልብሷ። ሐጎስ አስጠራት።

«ልጄ፣ እኔ አላመንኩም። ግን ሰው ያወራል።»

«ሥራ እየሠራሁ ነው ጋሽ ሐጎስ።»

«ሥራውን ማን ከለከለሽ? አርባው ይውጣ፤ ያኔ ትሠሪያለሽ። እኔም ሆቴሌ ውስጥ ሐዘንተኛ ሲዘፍን ቢሰማ ምን ይሉኛል? የእድሩ ሊቀመንበር ነኝ።»

ከአሥራ አንዱ ሰባቱ የሐበሻ ናቸው። ስልካቸው ጸጥ አለ። እሺ፣ ዝም ብዬ እሠራለሁ አለች አምለሰት። አፏን ግጥም አድርጋ የመሊካ ፀጉር ቤት ሄደች። ዘይቱን አወጣች፣ ፊልትሮውን ቀየረች፣ አዲስ ዘይት ሞላች። ዝም ብላ ስትሠራ ግን ከስንኞቹ መካከል አንዷ ዘለለች፤ የታችኛው የዘይት ቡሽ ጥርሱ ያለቀ ነው፣ ክር ጠምጥመሽ እሰሪው የምትለዋ። በማግስቱ የመሊካ ጓሮ በዘይት ተጥለቅልቆ ነጋ፤ ሞተሯም ደርቃ ቆማለች። መሊካ አልጮኸችባትም። «አንቺ ልጅ፣ አባትሽ ይኼን አያደርግም ነበር» ነው ያለቻት። ከስድብ የባሰ ነበር። አሥር ቀሩ።

በዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ አባይነሽ መጣች። ሳትቀመጥ ጠየቀች።

«እውነት ነው የሚሉት?»

«ምን አሉ እትዬ?»

«አባቷን ቀብራ ትዘፍናለች አሉ።»

«አልቀበርኩትም እትዬ። ሸኘሁት እንጂ።»

«ነገር አትሽሺ። ዘፍነሻል ወይስ አልዘፈንሽም?»

«ዘፍኛለሁ።»

አባይነሽ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ምን ሆነሽ?»

«ሥራው እዚያ ውስጥ ነው ያለው። አባዬ ደብተር የለውም። ዝም ካልኩ ይጠፋብኛል። የመሊካን ያበላሸሁት ዝም ብዬ ስለሠራሁ ነው።»

«እስቲ ሳትዘፍኚ በቃልሽ ንገሪኝ።»

አምለሰት ጀመረች። «ጥቁር ጭስ ከተፋች...» አለችና ቆመች። እንደገና ሞከረች። ቃሉ ከዜማው ሲነጠል፣ ክሩ እንደተመዘዘበት ዶቃ ተበተነ። ያን ጊዜ አለቀሰች። በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሰው እያያት ካለቀሰችው የተለየ ለቅሶ ነበር፤ የአባቷን ድምፅ ሁለተኛ እየቀበሩባት ነው።

አባይነሽ በጣቷ ጉልበቷን መታ መታ ታደርጋለች፤ ስንኝ ስትፈልግ የሚይዛት ጠባይ ነው።

«ግጥሙ ምን አጠፋ?» አለች በመጨረሻ። «ሰው የተቀየመው ዜማውን ነው። ዜማውን እንቀይረዋለን።»

«ወደ ምን?»

«ወደ እኔ። በለቅሶ ዜማ ትያቸዋለሽ። ሐዘንተኛ አታልቅስ የሚል እድር እስካሁን አልሰማሁም።»

በአባይነሽ ጓሮ፣ ከድስቶቹ መካከል፣ ሁለቱ ሴቶች ጄኔሬተር ሲያለቅሱ ዋሉ። አባይነሽ በሥራዋ የምትቀልድ ሴት አይደለችም። «ፊልትሮ የምትለዋ ላይ ድምፅሽን ስበሪው። እንዲህ፤ ፊልትሮዬ... ወየው። አየሽ? ናፍጣ ላይ ደግሞ ደረትሽን ያዝ አድርጊ።» አምለሰት ሞከረችው። ሦስተኛው ላይ፣ ናፍጣዬ ብላ ደረቷን ስትመታ፣ አባቷ ከሞተ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

«አትሳቂ፣ ሐዘን ላይ ነን» አለች አባይነሽ። እሷም ግን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በሃያ ሦስተኛው ቀን የሐጎስ ሆቴል ጄኔሬተር ቆመች። ሽመክት «እመቤት» ብሎ የሰየማት፣ ከአሥራ አንዱ ትልቋና ኩሩዋ እሷ ናት። ሐጎስ ከአንድ ኩባንያ ሁለት ቴክኒሻኖች አስመጣ። ፊልትሮ ቀየሩ፣ ኢንጀክተር ፈቱ፣ ቀኑን ሙሉ ሞከሩ፤ ትነሣለች፣ ሁለት ደቂቃ ትሠራለች፣ ትሞታለች። በሁለተኛው ቀን፣ «ፖምፓው አልቋል፤ ከናይሮቢ በሁለት ሳምንት ይመጣል» ብለው ሄዱ። ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ የአንድ በሬ ሥጋና የሳምንት ዓሣ አለ። እንግዶቹ ሻንጣቸውን ማውጣት ጀምረዋል። ሐጎስ በር ላይ ፕላስቲክ ወንበር አውጥቶ፣ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

ረፋድ ላይ አባይነሽ አምለሰትን እየመራች መጣች። የመሣሪያ ሳጥኑን ያዘለችው አምለሰት ናት።

«ሐጎስ፣ ልጅቷን አምጥቼልሃለሁ።»

«እትዬ አባይነሽ፣ ይኼን ነገር ጨርሰናል። አርባው ሳይወጣ እዚህ ግቢ ውስጥ ዘፈን...»

«ዘፈን ማን አለህ? ልታለቅስ ነው የመጣችው።»

«የት ነው የምታለቅሰው?»

«አባቷ ሦስት ዓመት የሠራበት ቦታ። ትከለክላታለህ?»

ሐጎስ ከወንበሩ ተነሣ። የእድር ሊቀመንበር ሆኖ ሐዘንተኛን ከለቅሶ መከልከል እንዴት ይሆናል? «ሳጥኑስ?» አለ በደከመ ድምፅ።

«የአባቷ ማስታወሻ ነው» አለች አባይነሽና አልፋው ገባች።

ጓሮውን የሚጠብቀው ስዋካ የሚባል የጁባ ተወላጅ ነው፤ ለሽመክት ስንት ጊዜ ባትሪ አብርቶለታል። ከሐበሻ ጋር ብዙ ስለኖረ የወጥ ቤት አማርኛ ያውቃል። «ማፊ ኑር፣ ያ ቢኒያ» አላት አምለሰትን ራሱን እየነቀነቀ፤ መብራት የለም ልጅት ማለቱ ነው። አምለሰት እመቤት ፊት ቆመች። ክፉኛ ፈርታለች። ይኼ ካልተሳካ አሥሩም ያልቃሉ፤ ካምፓላም ያበቃለታል። ሻሿን አጠበቀችና ድምፅዋን አወጣች። በለቅሶ ዜማ።

እመቤት ስትቆጣ ሆዷን አትንኪባት፣
ከሰልባትዮው ጀርባ ትንሽ ጉሮሮ አላት።

አባይነሽ ከኋላዋ ሆና «ወየው፣ ወየው» ብላ ተቀበለች። ከወጥ ቤቱ ሴቶቹ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ወጡ። ዜማውን ሲሰሙ ግጥሙን ማን ያዳምጣል? አንዷ ወንድሟን አስታወሰች፣ አንዷ እናቷን፤ ወዲያው ዕንባ ዕንባ አላቸው። ስዋካ ኮፍያውን አወለቀ። ትንሽ ቆየና ወደ አባይነሽ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ፣ «የሞተችው እመቤት ናት?» አላት። «ዝም በል» አለችው። «ማሌሽ፣ እመቤት» አለ ስዋካ፣ ይቅርታ፣ አይዞሽ እንደማለት፣ ሞተሯን በአክብሮት እያየ።

አምለሰት ግን ግጥሙን እየሰማች ነበር። ከሰልባትዮው፣ ከናፍጣው ታንከር ኋላ፣ ከግድግዳውና ከብረቱ መካከል እጇን ሰደደች። ጆንያ የተጠቀለለበት ነገር ነካች። ከዩጋንዳ በኒሙሌ መንገድ የሚመጣው ናፍጣ ውሃና አሸዋ እየያዘ ሲያስቸግረው፣ ሽመክት በገዛ እጁ የገጠማት ትንሽ ማጣሪያ ናት፤ ከእሱና ከዘፈኑ በቀር ማንም አያውቃትም። ቴክኒሻኖቹም ስሟን ያልሰሙትን ጉሮሮ ሊፈልጉ አይችሉም። ፈታ አወጣቻት። እንደ ገንፎ በወፈረ ጥቁር ጭቃ ተደፍናለች።

ሐጎስ አጠገቧ ቆሞ ነበር። መቼ እንደመጣ አላየችውም። ዓይኑ ቀልቷል።

በናፍጣ አጠበቻት፣ መለሰቻት፣ ቀጣዩን ስንኝ አወጣች።

ጉሮሮዋን አጥበሽ አየሯን አስወጪ፣
ሦስቴ ሳትስልሽ ወደ ቁልፍ አትሩጪ።

ብሎኗን ላላ አደረገችና በእጅ ፖምፓውን ገፋች። ናፍጣው አረፋ እየደፈቀ አንዴ ሳለ። ሁለቴ። ሐጎስ፣ «በቃ አስነሺያት እንጂ» አለ፤ አባይነሽ በክርኗ ጎሸመችው። ሦስቴ። አምለሰት ብሎኗን አጥብቃ ቁልፉን አዞረች።

እመቤት ተነሣች። ሁለት ደቂቃ ሞላት። አምስት ደቂቃ ሞላት። አሥር ደቂቃ ሲሞላት የወጥ ቤት ሴቶቹ በዕንባቸው ላይ እልል አሉ። ለቅሶና እልልታ በአንድ ጓሮ፣ ለአንዲት ልጅ።

ሐጎስ ወንበሩን አምጥቶ እዚያው ጓሮ ውስጥ ተቀመጠ። «እሺ፣ ንገሪኝ። ለምንድን ነው አርባውን መጠበቅ ያቃተሽ?»

አምለሰት መፍቻዎቹን ወደ ሳጥኑ መመለስ ያዘች። አባይነሽ ግን ከዚህ በላይ መደበቅ አልቻለችም። «ያን ቀን ለአውሮፕላኑ የሞላችልህ የኮሌጇን ገንዘብ ነው። አባቷ ለእሷ ያስቀመጠውን።»

ሐጎስ ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ። «እኔ ነኝ ተቀብዬ የቆጠርኩት» አለ። ከዚያ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። «እኔ እከፍለዋለሁ። ሙሉውን። ለነፍሱ ይሁን።»

«ለነፍሱ ከሆነ ለቤተ ክርስቲያን ይስጡልኝ ጋሽ ሐጎስ» አለች አምለሰት፣ እጇን በጨርቅ እየጠረገች። «ለእኔ ሥራዬን ይስጡኝ። ለእድሩ አባሎችም ይንገሯቸው። የስድስት ወር ቀድማችሁ ክፈሉኝ፤ አንዷም ሞተር አትቆምባችሁም።»

«አንቺ ካምፓላ ተቀምጠሽ ማን ያያታል?»

«ስዋካ ያያታል። እኔ እሰማታለሁ።»

ስዋካ ስሙን ሲሰማ ዞረ። «አና?» አለ ደረቱን ነክቶ። «አና ጋፊር ሳኪት።» ዘበኛ ብቻ ነኝ ማለቱ ነው።

«ባትሪ ስታበራ የነበርከው ማን ነህ ታዲያ?» አለችው።

በቀሩት ሳምንታት ስዋካን እየያዘች አሥሩን ጄኔሬተሮች ዞረች። ግጥሙን በአማርኛ አስጠናችው፤ በስንኝ የሚመጣውን በስንኝ፣ በእጅ የሚመጣውን በእጅ። መሊካም ሰምታ ተመለሰች፤ ጓሮዋን ያጠበችበትን ሳሙና ዋጋ ግን ከሂሳቡ አልረሳችውም። አርባው ገና ስላልወጣ ዜማው የለቅሶው ነበር፤ ስዋካም የተማረው እሱን ብቻ ነው። ከአርባው በኋላ አምለሰት ትዝታውን ልታስለምደው ብትሞክር፣ «ላ፣ ይኼ አይደለም የእመቤት» ብሎ እምቢ አላት። እስከ ዛሬ ያን አካባቢ ያየ አዲስ እንግዳ፣ አንድ ረጅም ሰው ጄኔሬተር ላይ ጎንበስ ብሎ በአማርኛ ሲያለቅስ ሰምቶ፣ «ማን ሞተባችሁ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ኦገስት አሥራ ሦስት ቀን፣ ጥቁር ልብሷ በኒሙሌ አቧራ ቀልቶ፣ አምለሰት ካምፓላ የኮሌጁ ገንዘብ ቤት መስኮት ፊት ቆመች። ከመስኮቱ ወዲያ ያለችው ሴትዮ ገንዘቡን ቆጥራ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችና፣ «ናፍጣ ይሸታል» አለች በእንግሊዝኛ። «አዎ» አለች አምለሰት። «ሁልጊዜም እንደዚያ ነው የሚሸተው።»

ቀላል አልነበረም። ክፍል ውስጥ ካሉት ሠላሳ ስምንት ተማሪዎች ሴቶቹ ሦስት ናቸው። እንግሊዝኛው እንደ ጠጠር መንገድ አንገጫገጫት። አንዳንድ ቀን ትምህርት መካከል ስልኳ ይንቀጠቀጣል፤ ትወጣለች፤ ጁባ ያለው ስዋካ ስልኩን ሞተሯ አጠገብ ይይዝላታል። ኮሪደር ላይ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች። «የሞተሯ ቀበቶ፣ ቺንጋዋ ላልቷል። ኩዌስ፣ ጥሩ፣ ዝጋት። አጥብቀህ መልሰህ ደውልልኝ።» መምህሯ አንድ ቀን በር ላይ ቆሞ ሰማት። «የማን ሞተር ነው?» አላት። «የሆቴል ነው፤ ጁባ።» ሰውዬው ሳቀ። ከዚያ መሳቁን አቆመና በሚቀጥለው ሳምንት ክፍሉ ፊት አስቆሞ ሞተር በጆሮ እንዴት እንደሚመረመር አስረጂያቸው አላት። አስረዳች። ሳታስበውም አንድ ሁለት ስንኝ አመለጣት፤ ወንዶቹ በጠረጴዛ መቱላት።

ዕረፍት ሲመጣ ሌሎቹ ወደ ቤተሰብ፣ እሷ ወደ ጄኔሬተሮቿ። ጣቷ ሥር ጥቁር ዘይት፣ ቦርሳዋ ውስጥ የሚቀጥለው መንፈቅ ክፍያ ይዛ ትመለሳለች። አንዴም አልዘገየችም። አሥራ አንዱ በሁለተኛው ዓመት አሥራ ሰባት ሆኑ፤ ስዋካ የዘበኝነት ልብሱን አውልቆ የራሱን ረዳት ቀጠረ። አምለሰትም ከአሥራ ሰባቱ በአንዷ ገንዘብ የአውሮፕላን ቲኬት ገዝታ ወደ ደብረ ብርሃን ላከች፤ ለእናቷ።

ጁን 2011 የምረቃው አዳራሽ ሞልቷል። እናቷ ሒሩት መካከለኛው ረድፍ ላይ ከአባይነሽና ከሐጎስ መሐል ተቀምጣለች። ከሽመክት ቀብር ወዲህ ያላወለቀችው ጥቁር ነጠላ ትከሻዋ ላይ ነው። የጣሳውን ነገር ከአባይነሽ ገና አምና ነው የሰማችው፤ ከዚያ ወዲህ አምለሰት በስልክ ስታናግራት ድምፅዋ ያንሳል። ልጄን እኔ ነኝ ያስራብኳት ትላለች። አምለሰት፣ «አልተራብኩም እማዬ፤ እሱም ባዳ አገር አልቀረም» ትላታለች፤ እናቷ ግን አትጽናናም።

መድረኩ ላይ ያለው ሰውዬ ስም ይጠራል። ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው፤ ሒሩት አንዱንም አትሰማም፤ እጇን አጣጥፋ መሬት መሬት ታያለች። ሰውዬው የሚቀጥለውን ወረቀት አነሣና በማይክራፎኑ፣ ቃሉ እንዳያመልጠው ተጠንቅቆ፣ ጮክ ብሎ አነበበ።

«አምለሰት ሽመክት።»

ሒሩት ራሷን አቀናች። የባሏን ስም ሁለት ዓመት ሙሉ በፍትሐት ካልሆነ በቀር ማንም ጮክ ብሎ ሲጠራው ሰምታ አታውቅም። አሁን ከዚያ ትልቅ አዳራሽ ጣሪያ ሥር፣ ከልጁ ስም ኋላ፣ በድምፅ ማጉያ ተጠራ። ተነሥታ ቆመች። ሐጎስ እጇን ሊይዛት ሲል አባይነሽ ከለከለችው። ሒሩት ጥቁሩን ነጠላ ከትከሻዋ አውልቃ ወንበሩ ላይ ጣለችውና፣ ያ ሁሉ ሰው እያያት፣ እልል አለች። ለልጇም፣ ለባሏም። አዳራሹ ዞሮ አያት፤ ከዚያ ጭብጨባው ከፊት ረድፍ ጀምሮ እንደ ዝናብ መጣ።

መድረኩ ላይ አምለሰት ዲፕሎማዋን ለመቀበል እጇን ዘርግታ ቆማለች። ሰውዬው ወረቀቱን ይዞ እልልታው እስኪያልቅ ይጠብቃል። እልልታው ግን አያልቅም።